የዶክተሩ ጉልበት

ትኋን ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ እጣቢ ውስጥ ነክሮ ነበር።

ውኃው ለብ ብሏል። ላዩ ላይ ቅባቱ ቆዳ አውጥቶ፣ ቆዳው ላይ የሩዝ ፍሬ፣ የካሮት ቅርፊትና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ረጅም ፀጉር ተኝተውበታል። ሽታው እንኳን ሰውን ዝንብን ያስመንናል። ትኋን ግን ለመመነን ጊዜ አልነበረውም። ጣቶቹ የገንዳውን ታች ይዳብሳሉ። ማንኪያ። ሹካ። የታኘከ አጥንት። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ዝቅ አለ።

ከማጣሪያው ሥር፣ ባቄላ የምታህል ነገር።

አገኛት።

ከኋላው በሩ ተከፈተ።

«ዶክተር!»

ማር የተቀባ ድምፅ ነው። የተቋሙ የበላይ፣ ፕሮፌሰሩ ነበሩ።

«አቤት፣ ክቡር ፕሮፌሰር።»

«ሐሳብ መጣልህ?»

«ሊመጣ እያንገራገረ ነው።»

«አታስቸኩለው። ብቻ እጅህን ከውኃው እንዳታወጣ!»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

እውነቱን ነው። ጡጫው ውስጥ ባቄላዋ አለች። ቢያወጣት፣ ማታውኑ ሬሳው ከዚሁ እጣቢ ጋር በቱቦ ይሄዳል።

ፕሮፌሰሩ ቀርበው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ነገ ጉባኤው የሚከፈተው ባንተ ጥናት ነው። አደራ፣ እንዳታሳፍረኝ።» ወጡ።

ትኋን ተንፈስ አለ። ሽታው ሳንባው ድረስ ገባለት።

ተቋሙ «የሐሳብ ምንጭ ጥናት ተቋም» ይባላል። ሥራው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያወጣና ማን እንደሚከፍልበት ማጥናት ነው። ሊቃውንቱ አንዱን በያጅ ጠየቁት፤ ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ አለ። ልብስ ሰፊዋን ጠየቋት፤ ልብስ ሳጥብ አለች። ቀለም ቀቢውን ጠየቁት፤ ቡሩሽ ሳጥብ አለ። ከዚያ ትልቅ ስብሰባ ተቀምጠው ወሰኑ፦ ሐሳብ የሚገባው በእርጥብ እጅ ነው። «የእርጥብ እጅ ክፍል» የሚባል ግዙፍ እቃ ማጠቢያ አሠሩ። አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው ሁሉ በክብር ይጋበዛል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ የበላበትን ሳህን እንዲያጥብ ይደረጋል። ሰው ደግሞ ሳህን ሲያጥብ ዝም አይልም፤ ያወራል። ከገንዳው ሥር የተቀበሩት ባቄላ የሚያካክሉ የድምፅ መቅረጫዎች የሰሙትን ይይዛሉ፤ አጠገባቸው የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሰው ካለ ለእሱም ያቀብላሉ።

ሊቃውንቱ ሳህን አያጥቡም። ያዳምጣሉ።

አንድ ወግም አላቸው። ማንም ተናጋሪ መድረክ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚለው «ይህ ሐሳብ የእኔ አይደለም» ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል። ሐሳብ እንደ ነፋስ ነው፣ እናትም አባትም የለውም፣ በተከፈተ መስኮት ይገባል ብለው ያምናሉ። በትሕትና ይፎካከራሉ። አንዱ ሐሳቡን ከዝናብ አገኘሁት ሲል፣ ሌላው ከወፎች ይላል። አንድ ምስኪን ወጣት ምላሱ አዳልጦት «የእኔ ንድፈ ሐሳብ» ያለ ዕለት፣ ምሳ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። እስካሁንም ብቻውን ይበላል አሉ።

ነፋሱ ግን ሁልጊዜ በፕሮፌሰሩ መስኮት ነው የሚገባው። በወዲያኛው በኩል ተሽጦ ይወጣል።

ትኋን እዚህ የገባው ዶክተር ተብሎ ነው። ትምህርቱን ማባዛት ላይ ሲደርስ በሰላም ተለያይቷል። የዶክትሬት ወረቀቱን ያሠራለት አጎት ነው። የቀረውን በሦስት ነገር ይሸፍናል፦ «ይህ በጥልቀት መታየት አለበት»፣ «እንደ ሁኔታው ይወሰናል» እና አገጭን ይዞ ዝም ማለት። በተለይ በሦስተኛው ስሙ ገንኗል።

*

አጎት የማንም አጎት አይደለም። የትኋን አለቃ ነው፤ ተቋሙ ውስጥ ሰላይ አድርጎ የሰገሰገውም እሱ ነው። ለዓለም ግን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሲላጩ የማያወሩ ሰዎች ብቻ የሚሄዱበት ጠባብ ቤት አለው።

ትኋን ወንበሩ ላይ ጋለል አለ። አጎት አረፋ ቀባውና አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድነው የምትሸተው?»

«እውቀት።»

«ዝም በል፤ ጉንጭህን እንዳልቀድ። አገኘህ?»

«አገኘሁ።»

ዛሬ ጠዋት ፕሮፌሰሩ አንድ እንግዳ ይዘው እርጥብ እጅ ክፍል ገብተው ነበር። ሰው የማይሰማበት ቦታ ፈልገው። ለሌላው የቀበሩትን ጆሮ ረስተው! ትኋን የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ራስ ለአጎት ሰጠው፣ ሌላውን ለራሱ ሰካ።

«ዕቃው የት ነው?» አለ አንድ የሚያነፈንፍ ድምፅ። ትኋን ሰውየውን በአካል ያውቀዋል፤ ባለ ሽቶው ይሉታል። የተሽከርካሪ ወንበር ኩባንያ ሰው ነው፤ ከመምጣቱ በፊት ሽቶው ይመጣል፣ ከሄደም በኋላ ሽቶው ይቀመጣል።

«ኩሽና ነው፣ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እዚያ እጁን የሚሰድ ፍጡር የለም።»

«ሌላ ሰው አላየውም?»

«ካየውማ ማን ይገዛኛል? ሕዝብ ያየው ነገር በማንም ስም አይመዘገብም። የማንም አይሆንም። ነገ ጉባኤው ሲያልቅ ትወስዱታላችሁ።»

«ወስደን እንቀብረዋለን። ይሄ ሰው ሠራሽ ጉልበት ገበያ ከወጣ ወንበራችን ላይ ማን ይቀመጣል?»

ሳቁ። ቧንቧው ጉርርር አለ።

ትኋን የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለ። ጆሮው የቆሸሸ መሰለው፤ በፎጣ ጠረገው።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ገዝተው ለምን አይሠሩበትም?»

«ላሞች ያለው ሰው ወተት የሚሰጥ ድንጋይ ቢያገኝ ምን ያደርጋል?»

«ያልበዋል።»

«ለዚህ ነው ደሀ የሆንከው። ድንጋዩን ገደል ይከተዋል። ወተቱ ከላሞቹ ብቻ እንዲመጣ።» አጎት ምላጩን ሳለ። «ነገ ጉልበቱን ከበርሜሉ አውጣ። የአዳራሹ ካፖርት ማስቀመጫ ጋ እጠብቅሃለሁ። ለሠራችው ሴትዮ፣ ለብስክሌት ጠጋኟ፣ በእጄ አስረክባታለሁ። በራሷ ስም አስመዘግብላታለሁ።»

«በርግጥ?»

«አንገቴን!»

አንገቴን ያለው አጎት ነው። ምላጩ ያለው ግን ትኋን አንገት ላይ ነበር።

«ባቄላዋን ስጠኝ።»

«መመለስ አለብኝ፤ ከጎደለች ይነቁብኛል» አለ ትኋን።

ውሸቱን ነው። ሲወጣ አጎት ፊቱን ወደ መስታወቱ መለስ ሲያደርግ፣ ባቄላዋን ከአጎት ባርኔጣ ጥብጣብ ሥር ሸጎጣት። ለክፋት አይደለም። አጎት ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉራል ይባላል፤ እሱ ደግሞ በጭራሽ ይላል። ትኋን አንድ ቀን ያችን ዜማ ፊቱ ላይ ሊያንጎራጉርለት ከፈለገ ቆይቷል። ልጅነቱ ያልለቀቀው ሰው ነው።

ያ ቧልት ነው ሕይወቱን ያተረፈለት።

*

ብስክሌት ጠጋኟ የምትኖረው የአንድ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ሱቋ ግን ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። ትኋን ሲደርስ ባሏ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ክራንቹን በጭኑ አጋድሟል። ግንድ ቆራጭ ነበር። አንድ ቀን ግንዱ ወደማይወድቅበት ወደቀ፤ ጉልበቱን ወሰደው።

«ዶክተር መጡ እሜቴ!» አለ ወደ ሱቁ ዞሮ። «ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ሊጠይቁን።»

«ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን እናንተ ታውቃላችሁ» አለች፤ እጇን በዘይት ጨርቅ እየጠረገች ወጣች። «ሥራዬ የታለ ዶክተር? ለጥናት ብላችሁ ወሰዳችሁ። ጥናቱ አላለቀም? ባሌ አለቀ እኮ!»

«እኔ ምን ሆንኩ!» አለ ባልየው።

«አንተ ግንድ፣ ዝም በል።»

አጎንብሳ ጀርባዋን ሰጠችው። ሰውየው ክራንቹን ይዞ አንገቷን አቀፈ። ተነሣች። አንዱን ወለል ወጥታ ሳታርፍ ሁለተኛውን ጀመረች። ትኋን ከኋላ እየተከተለ ላግዝሽ ቢል፣ «ዶክተሮች ወገባቸው የመጻሕፍት ነው፣ ይሰበርብኛል» አለችው።

«ያኔ ስትጠይቁኝ ነግሬያችኋለሁ» አለች እያለከለከች። «ከየት መጣልሽ አላችሁኝ። ከየትም አልመጣልኝም። መረረኝ! ይሄን ሰውዬ ተሸክሞ መውጣት መረረኝ። እሱም መታዘል መሮት ሲሳደብ፣ ስድቡ መረረኝ። ሲመረኝ ቁጭ ብዬ ጉልበቱን ሠራሁት።»

ትኋን አንገቱን ደፋ። ነገ መድረክ ላይ የሚያቀርበው «የምሬት ንድፈ ሐሳብ» ይኸው ነው። ሰው የሚፈጥረው ሲመረው ነው ብሎ ባንድ ስብሰባ ላይ ጣል ቢያደርግ፣ ሊቃውንቱ ጉድ አሉለት። ከማን እንደሰማው የጠየቀ አልነበረም። ለካስ እሱም መስኮቱን ከፍቶ ነበር። ራሱን ቀፈፈው።

በር ላይ ሲደርሱ ባሏን አወረደችው።

«እህቴ፣ ነገ ጉባኤው ላይ ኑ። ከኋላ ተቀመጡ። ሲያልቅ ጉልበቱ እጅሽ ይገባል።»

«በስሜ?»

«በስምሽ።»

«ስሙን ለምን አጥብቄ እንደያዝኩት ያውቃሉ? ድሮ ፋብሪካ ስሠራ የብስክሌት ጎማ መንፊያ አሻሽዬ ነበር። አለቃዬን ሸለሙት። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ። አጨበጨብኩም። መዳፌ እስኪቀላ።» ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። «ሀብት አላልኩም። ሀብታሙም ደሀውም፣ ሾፌሩም ወዛደሩም ይሂድበት፤ ግን እሷ ናት የሠራችው ይበሉ። ይማሉልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

እናቱ ከሞተች ቆይታለች። መሐላውን ግን ከልቡ ነው የማለው።

*

ጉባኤው ጠዋት ተከፈተ። ወጥ ሠሪዎቹ ሻይ ይዘው ወደ አዳራሽ ሲወጡ ኩሽናው ባዶ ሆነ።

ትኋን በርሜሉን ከፈተ።

ዓይኑ አለቀሰ። ዘይቱ ጠቁሮ፣ ረግቶ፣ እንደ በሰበሰ ገንፎ ሆኗል። ካፖርቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ክንዱን ሰደደ። እስከ ክርኑ። እስከ ትከሻው። የሆነ ለስላሳ ነገር ነካ፤ ምን እንደሆነ እስካሁን ሊያውቅ አልፈለገም። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለ ጠንካራ ነገር።

ጎተተው። ጭልቅ ብሎ ወጣ።

ላስቲኩን ላጠ። የበር ማጠፊያ፣ የበር ሞላ፣ ሁለት የብስክሌት ፍሬን ጎማዎች፣ አንድ የቆዳ ቀበቶ። ይኼው ነው። ሽቶ የተቀቡ ሰዎች ሊቀብሩት የሚሯሯጡለት ይኼ ነው! ካፖርቱን መልሶ ለብሶ ሥሩ ወሸቀውና ወደ ካፖርት ማስቀመጫው መንገድ ጀመረ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰካ፤ ባርኔጣው ቅርብ ነው፣ ምናልባት ያንጎራጉር ይሆናል።

እውነትም ያንጎራጉራል! ትኋን ሳቁ አመለጠው። ደግሞ ዜማው ይጥመለመላል፤ ጉሮሮው ውስጥ ዳክዬ ያለች ይመስላል።

ዜማው ቆመ።

«ይመጣል?» አለ የሚያነፈንፍ ድምፅ።

ትኋን ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ባለ ሽቶው ነው።

«አሁን ይዞልኝ ይመጣል» አለ አጎት።

«ፕሮፌሰሩ ቢጮሁስ?»

«ምን ብለው? የሰረቅሁትን ሰረቁኝ ብለው? እሳቸው ጋ ከምትገዙ እኔ ጋ ግዙ፤ እኔ ርካሽ ነኝ።»

«ባለቤቷስ?»

«ብስክሌት ጠጋኝ ናት። ብስክሌቷን ትጠግን።»

«ዕቃውን የሚያመጣውስ?»

«ስሙ ትኋን ነው። ትኋን ምን ይደረጋል?»

የባለ ሽቶው ጥፍር በጥፍር ላይ ሲጫን ተሰማ።

ጠቅ።

ትኋን ቆመ።

የኮሪደሩ ጫፍ ላይ የካፖርት ማስቀመጫው መጋረጃ ይታያል። ከመጋረጃው ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ። ሽቶው እስከዚህ ድረስ መጥቷል። ከበርሜሉ ጋር አወዳደረው። በርሜሉ ይሻላል።

ዞረ።

ከኋላው ኩሽና ውስጥ የፕሮፌሰሩ ዘበኛ ጮኸ። «በርሜሉን የከፈተው ማነው?»

ወደፊት አጎት። ወደኋላ ዘበኛ። በግራ ግድግዳ።

በቀኝ አንድ በር። የመድረኩ በር።

ከበሩ ወዲያ የፕሮፌሰሩ ማር ድምፅ፦ «አሁን ተወዳጁ ዶክተራችን!»

ጭብጨባ።

የትኋን ጭንቅላት ቀኑን ሙሉ ያላሰበውን ባንድ እርምጃ አሰበ። ለአጎት ቢሰጠው ይቀበራል። ለፕሮፌሰሩ ቢመልሰው ይቀበራል። ይዞ ቢሮጥ በር ላይ ይጨፈለቃል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀበራል። የማይቀበረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው ያሉት፦ ሕዝብ ያየው ነገር በማንም ስም አይመዘገብም።

በማንም።

በእሷም።

በሩን ገፋው።

*

አዳራሹ ሙሉ ነው። ከፊት ሊቃውንት፣ ከመሐል የፋብሪካ ሰዎችና ጋዜጠኞች፣ ዙሪያውን ካሜራ። ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ብስክሌት ጠጋኟ ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ ባሏን አጠገቧ አስቀምጣ። ስታየው ራሷን ነቀነቀችለት። ጸጥ ባለ፣ በሚያምን አኳኋን።

ትኋን ጉልበቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዘይቱ ነጭ ጨርቁ ላይ ተንጠባጠበ። የፊተኞቹ ወንበሮች አፍንጫቸውን ያዙ። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው እንደ ወረቀት ሆነ።

«ይሄ ሰው ሠራሽ ጉልበት ነው» አለ። «ከማንም ጓሮ በሚገኝ ዕቃ ይሠራል። ካሜራዎች፣ ቀረብ በሉ። ይህ ማጠፊያ ነው። እንዲህ ይፈታል። ይህ ሞላው ነው፤ እዚህ ይገባል።»

ካሜራዎቹ ቀረቡ። ስልኮች ተነሡ። አንድ የፋብሪካ ሰው ብድግ ብሎ አንገቱን አሰገገ።

ትኋን ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን። መሐላው አለ።

«ይህ ሐሳብ የእኔ አይደለም» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ።

እጁን አነሣ። «አይ፣ ስሙኝ! የምሬን ነው። የእኔ አይደለም።»

ጭብጨባው ጨመረ።

«እውነቴን ነው የምላችሁ! አንዲት ብስክሌት ጠጋኝ ናት የሠራችው! ያቻትና፣ ከኋላ!»

ዞር ብለው ፈገግ አሉ። ሁሉም ከወንበሩ ተነሣ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሊቅ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። «ምን ዓይነት ትሕትና ነው!» አሉ ለጎረቤታቸው። «እኔ ወፎችን ነበር ያመሰገንኩት። ይሄ ብስክሌት ጠጋኝ አመሰገነ!»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች፣ የመጣበት በጣት ሲጠቆምላቸው አጨበጨቡ።

ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው።

«የእኔ ነው!»

ጭብጨባው ተቆረጠ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። አንድ ስኒ ወድቆ ተሰበረ።

«ምን አለች?»

«የእኔ አለች።»

«ነውር ነው!»

«የእኔ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት! ዶክተር፣ ንገራቸው እንጂ!» ወንበር ላይ ቆመች። ዘበኞች በሁለቱ ክንዷ ያዟት። ባሏ ክራንቹን አነሣ፤ «ልቀቋት! ልቀቋት እናንተ የሰው ቅማሎች!» አለ፣ ሚዛኑን ስቶ ወንበሮቹ መሐል ወደቀ።

ትኋን አንድ እግሩን ከመድረኩ ወደ ታች አወረደ።

በጎን በር በኩል የአጎት ባርኔጣ ብቅ አለ።

ጠረጴዛው ላይ ፍሬኑ ገና አልታየም። ምስጢሩ ያለው ደግሞ እዚያ ነው፤ ጎማዎቹ እንዴት እንደሚነክሱ ሳይታይ፣ የቀረው ተራ ማጠፊያ ነው። አሁን ወደ እሷ ከወረደ አጎት መንገድ ላይ ያገኘዋል። ግማሹ ታይቶ ግማሹ ይቀበራል።

እሷን አያት። አየችው።

እግሩን መልሶ አወጣ። ፊቱን ከእሷ አዞረ።

«ሰውየው ሲቆምበት፣ ክብደቱ ይህን ይጫናል» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «ጎማው ይነክሳል። አይታጠፍም። እግሩን ሲያነሣ ይለቀዋል። አያችሁ? እንዲህ። ደግሜ ላሳይ።»

ደግሞ አሳየ። ካሜራዎቹ ዋጡት። ከኋላ የእሷ ጩኸት እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። በሩ ተዘጋ።

ባለ ሽቶው ከጎን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፊቱን እንደመረረው ሰው አጨማደደ፤ ምንም ሳይል ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚገዛም የሚሸጥም ነገር አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ ግን ፕሮፌሰር ናቸው። ወረቀት የነበረው ፊታቸው ባንድ ትንፋሽ ደም ለበሰ። ማይኩን ነጠቁ። «ተቋማችን ለዓለም ያበረከተው ስጦታ!» አሉ። «የዶክተሩ ጉልበት!»

አዳራሹ ጣራው እስኪነቃነቅ አጨበጨበ። ሊቃውንቱ ሊያቅፉት መድረኩን ወረሩት። አጎት ሊጠጋ ቢሞክር የሚያለቅሱ አዛውንቶች ክንድ መሐል ተሰነቀረ፤ አንዱማ እሱንም አቀፉት። ትኋን በክንዶች ሥር ሾልኮ፣ በኩሽናው አልፎ፣ እርጥብ እጅ ክፍል ገባ።

መነጽሩን አወለቀ። ከረባቱን ፈታ። ዶክተር የሚል ስም ያለበትን የደረት ካርድ ነቀለ። ሁሉንም እጣቢው ውስጥ ጣላቸው።

ቅባቱ ተከፍቶ ተመልሶ ገጠመ።

ዶክተሩ እዚያ ሰጠመ። በቆሻሻ መውጫው በር የወጣው ማንም አልነበረም።

*

ጉልበቱ ግን አልሰጠመም። በየመንደሩ ያለ በያጅ፣ ቁልፍ ሠሪ፣ ጋራዥ ሁሉ ሠራው። የተቀመጠ ሰው ተነሣ። ባለ ሽቶው ሌላ ሥራ ያዘ፤ የሬሳ ሣጥን ይሸጣል አሉ፣ መቅበርማ ይችልበት የለ። የአጎት ፀጉር ቤት ባንድ ጀንበር ተዘጋ። አጎት የሆነ ቦታ የሆነ ሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዞ ያንጎራጉራል፤ ትኋን ከዚያ ወዲህ ጢሙን ተላጭቶ አያውቅም።

ፕሮፌሰሩ ደግሞ ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ። ሐሳቡ ለዶክተሩ ከየት እንደመጣለት የሚተነትን። ዶክተሩ የት እንደገባ ግን አላወቁም። ትሕትናው በዝቶ ከዓለም ራቀ ብለው ደመደሙ።

ብዙ ወራት አልፈው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ የአትክልት ጫኝ ባዶ ጋሪውን እየገፋ በዚያ ሕንፃ በኩል አለፈ።

ቆመ።

ደረጃው ሥር ያለው ሱቅ ሰፍቷል። በር ላይ ሰልፍ አለ። ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል፦ «የዶክተሩ ጉልበት። ዋናው እዚህ ይገኛል።»

አንድ ሰው ከላይኛው ወለል ዱብ ዱብ እያለ ወረደ። ግንድ ቆራጩ ነው። በሁለት እግሩ። ክራንች የለም። ያፏጫል። እያፏጨ በጫኙ አጠገብ አለፈ፤ አላወቀውም።

ብስክሌት ጠጋኟ ማጠፊያ ይዛ ወጣች። ዓይኗ ጋሪው ላይ፣ ከዚያ ጢሙ ላይ፣ ከዚያ ዓይኑ ላይ አረፈ።

አወቀችው።

እሱ አገጩን ይዞ ዝም አለ። ሦስተኛው ዘዴው ነበር፤ አልሠራም።

«ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ማስታወቂያሽን አየሁ።»

«ማንበብ ትችላለህ? ጎበዝ።» ወደ ላይ ሳታይ በአውራ ጣቷ ጠቆመችው። «መጀመሪያ የራሴን ስም ሰቅዬ ነበር። ማንም አልገዛኝም። የውሸት ነው አሉኝ፤ የዶክተሩን ነው የምንፈልገው አሉኝ። የምመግባቸው ልጆች፣ የምከፍላቸው ሠራተኞች አሉኝ። ሰቀልኩት። በየጠዋቱ አቧራውን የምጠርግለትም እኔው ነኝ።»

ከሰልፉ አንዲት ሴት ጣልቃ ገባች፤ «እኔ የምልሽ፣ ዶክተሩ ግን የት ገቡ? ደግ ሰው ነበሩ አሉ።»

ብስክሌት ጠጋኟ ዓይኗን ከጫኙ አልነቀለችም።

«ሞቷል» አለች።

ሰልፉ ከንፈሩን መጠጠ። ጫኙ ቆቡን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ፣ በቀስታ።

ጫማው አጠገብ እንትፍ አለች።

«አይማር።»

ወደ ሱቋ ገባች። እሱም ቆቡን መለሰ፣ ጋሪውን አነሣ፣ ከሌሎቹ ጋሪዎች መሐል ገብቶ ሄደ።